ጭማሪው የት ይቀመጥ? የስልክ ማዞሪያና ልዩ አገልግሎቶቹ

የስልክ ማዞሪያ ዋና ሥራው አንድ ነው፤ ደዋዩን ከሚፈልገው ሰው ጋር ማገናኘት፣ ሲጨርሱም መስመሩን መልቀቅ። ጥሪን ወደ ሌላ ቁጥር ማዛወር፣ እያወራን ሳለ ሌላ ሰው እየደወለ መሆኑን ማሳወቅ፣ የደዋዩን ቁጥር ማሳየት፣ ቀሪ ሒሳብ መንገር፣ ሌላው ቀርቶ በጥሪ ማሳመሪያ መዝሙር ወይም ዘፈን ማሰማት ሁሉ በኋላ የመጣ ጭማሪ ነው። መጨመር ይቻላል ወይ የሚለው ጥያቄ መልስ ካገኘ ስድሳ ዓመት አልፎታል። እስካሁን የሚያከራክረው ጭማሪው የት ይቀመጥ የሚለው ነው፤ እዚያው ማዞሪያው ውስጥ፣ ከጎኑ በቆመ ሌላ ኮምፒውተር ላይ፣ ወይስ በተጠቃሚው እጅ ባለው ቀፎ? ሦስቱም ተሞክረዋል። እንደ እኔ እምነት ግን ከቦታው ምርጫ በላይ የሚከብደው አዲሱ አገልግሎት ቀድመው ከገቡት ጋር እንዴት ይኖራል የሚለው ነው፤ የኢንዱስትሪው ትልልቅ ውድቀቶችም በአብዛኛው ከዚያ የመነጩ ናቸው። (ዓ.ም. ካልተባለ በቀር ዓመቶቹ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

ልዩ አገልግሎት ከማሽን በፊት ነበረ። በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ በአሜሪካ ትንንሽ ከተሞች ማዞሪያው ፊት የምትቀመጠው ኦፕሬተር ገመድ ከመሰካት ሌላ ብዙ ትሠራ ነበር። ሐኪሙ ማታ ማታ የት እንደሚያመሽ ታውቃለች፤ ቤቱ ሲደወል ጥሪውን ወደዚያ ታዞረዋለች። ሰዓት ትጠየቃለች፣ እሳት የተነሣበትን ሠፈር ትናገራለች። ጣጣው የራሷ ወገንና ጥቅም ያላት ሰው መሆኗ ነው። አልመን ስትሮውጀር የተባለ በካንሳስ ሲቲ የቀብር አስፈጻሚ ድርጅት የነበረው ሰው፣ የተፎካካሪው ሚስት ኦፕሬተር ሆና ደንበኞቹን ወደ ባሏ ታዞርብኛለች ብሎ ይጠረጥር ነበር ይባላል። ወሬው ከአፍ አፍ ሲዞር አድጎ ሊሆን ይችላል፤ ፓተንቱ ግን በማርች 10 ቀን 1891 ተመዝግቧል፤ በ1892 ደግሞ በኢንዲያና ግዛት ላ ፖርት ከተማ የመጀመሪያው አውቶማቲክ ማዞሪያ ሥራ ጀመረ። ስትሮውጀር አድሏዊዋን ሲያስወጣ አገልግሎቷም አብሯት ወጣ። ማሽኑ ሐኪሙ የት እንዳመሸ አያውቅም። ቀጣዮቹ ሰባ ዓመታት በከፊል እሷ የምትሠራውን ወደ ማሽኑ መልሶ ለማስገባት የተደረገ ጥረት ናቸው ብል ማጋነን አይመስለኝም።

የስትሮውጀር ማዞሪያ በብረት ክንድና በሪሌ የሚሠራ ስለሆነ አስተሳሰቡ ሁሉ በሽቦ የተጻፈ ነው። አንድ አዲስ ነገር ለማሠራት አዲስ ሪሌ መግጠም፣ መበየድ፣ ያንኑም በየጣቢያው መድገም ያስፈልጋል። ስለዚህ በዚያ ዘመን የነበሩት መሐንዲሶች ብልህ መውጫ አገኙ፤ ማዞሪያውን ሳይነኩ አገልግሎቱን ከአንድ ቁጥር ጫፍ ላይ ማንጠልጠል። ማዞሪያው አሁንም ማገናኘት ብቻ ነው የሚሠራው፤ ከወዲያኛው ጫፍ ያለው ግን ሰው ሳይሆን የሚናገር ሰዓት ነው። የፓሪስ ኦብዘርቫቶሪ የሚናገር ሰዓቱን በፌብሩዋሪ 14 ቀን 1933 ሲከፍት በመጀመሪያው ቀን ብቻ 140 ሺህ ያህል ጥሪ ጎረፈ፤ መልስ ያገኘው 20 ሺህ ገደማ ነበር። ለንደን በ1936 ተከተለች።

የለንደኑ የአደጋ ጥሪ ቁጥር 999 ግን ጫፍ ላይ ተንጠልጥሎ የሚቀር ዓይነት አልነበረም። በኖቬምበር 1935 በዊምፖል ጎዳና በአንድ ሐኪም ቤት እሳት ተነሥቶ አምስት ሴቶች ሞቱ። ጎረቤት ለእሳት አደጋ ሊደውል ሞክሮ ከሌሎች ተራ ጥሪዎች ጋር ወረፋ ጠበቀ። ማዞሪያው የሚነድ ቤትና የሠርግ ወሬ የሚለይበት መንገድ አልነበረውም። በጁን 30 ቀን 1937 በተከፈተው አገልግሎት 999 የተደወለ እንደሆነ ኦፕሬተሮቹ ክፍል ውስጥ ቀይ መብራት ይበራል፣ ጥሩምባ ይጮኻል፤ የያዙትን ትተው ያንን ያነሣሉ። ቁጥሩ 9 የሆነውም ሳንቲም በሚበላው የሕዝብ ስልክ ላይ ያለ ክፍያ እንዲደወል መክፈቻውን ማስተካከል ስለሚቀል ነበር። እዚህ ላይ አንድ አዲስ ነገር ገባ፤ አንዱ ጥሪ ከሌላው ይቀድማል የሚል ውሳኔ። ዛሬ በአዲስ አበባ 991 ወይም 939 ስንደውል ያው ውሳኔ ነው የሚያገለግለን።

ከሽቦ ወደ ፕሮግራም የተደረገው ሽግግር በቤል ላብራቶሪዎች በኩል መጣ። በ1960 መገባደጃ ላይ ሞሪስ በተባለች የኢሊኖይ ትንሽ ከተማ ሙከራ ተደረገ፤ ጥቂት ቤተሰቦች ጥሪ ማዛወርና አጭር ቁጥር መጠቀም ጀመሩ። ከዚያ በሜይ 30 ቀን 1965 በኒው ጀርሲ ሰካሱና ቁጥር 1 የኤሌክትሮኒክ ማዞሪያ ሥራ ላይ ዋለ። ግቡ በአርባ ዓመት ውስጥ በድምሩ ከሁለት ሰዓት በላይ እንዳይቆም ነበር። ፕሮግራሙ የተቀመጠበትን ቦታ ቀረብ ብሎ ማየት ደስ ይላል፤ ስስ የአሉሚኒየም ካርዶች ናቸው፣ በእያንዳንዱ ካርድ ላይ 2,816 ትንንሽ ማግኔቶች ተደርድረዋል። ማግኔቱ የተሞላ ወይም ያልተሞላ መሆኑ ነው ፕሮግራሙ። አዲስ አገልግሎት ለመጨመር ካርዶቹ ተነቅለው በመጻፊያ ማሽን እንደገና ይጻፋሉ፤ ደንበኛው ዛሬ ማታ ጥሪዬን ወደ አክስቴ ቤት አዛውሩልኝ ሲል የሚሰጠው ቁጥር ግን በሚጻፍና በሚሰረዝ ሌላ ማኅደረ ትውስታ ላይ ያርፋል። ቋሚውና ጊዜያዊው የተለየው ያኔ ነው። ኦፕሬተሯ በጭንቅላቷ ትይዘው የነበረው የሐኪሙ ማምሻ ወደ ማሽኑ የተመለሰውም በዚያው።

ማሽኑ አስቦ መሥራት ሲጀምር አዲስ በሽታም አመጣ። ጥሪ ሲበዛበት የትኛውን ያስቀድም? ኧርና ሽናይደር ሁቨር የተባለች የቤል ተመራማሪ ሁለተኛ ልጇን ወልዳ ሆስፒታል ሳለች የነደፈችው ፕሮግራም የጥሪውን ጫና እየለካ ዋና ዋናዎቹን ሥራዎች አስቀድሞ ሌላውን ያዘገያል። በ1971 የወጣላት ፓተንት ለሶፍትዌር ከተሰጡት የመጀመሪያዎቹ አንዱ ነው። አራስ ቤት ስለተሠራ ብቻ ይህን ታሪክ የሚወዱት ብዙዎች ናቸው፤ እኔ የምወደው ግን ፕሮግራሙ ለደንበኛው አንዳች የሚታይ አገልግሎት ሳይጨምር የቀሩትን ሁሉ ያዳነ በመሆኑ ነው።

አሁን ወደ ዋናው ቁም ነገር እንምጣ። ጥሪ ማዛወርን ብቻ ብንወስድ ቀላል ነው። ጥሪ ማቆያን ብቻ ብንወስድም ቀላል ነው። ሁለቱን አንድ መስመር ላይ አድርጋችሁ ሰውየው እያወራ ሳለ ሌላ ሰው ሲደውል ምን ይሁን? «መስመሬ ሲያዝ ወደ ቢሮ አዛውር» ብሏል፤ «እያወራሁ ሌላ ሲደውል ጠቁመኝ» ብሏል። ሁለቱም ተያዘ በምትለው በዚያች ቅጽበት ነው የሚነቁት። አንዱ ማሸነፍ አለበት፤ የትኛው እንደሚያሸንፍ ደግሞ ከሁለቱ መግለጫዎች በአንዱም አልተጻፈም። አንድ ግቢ ውስጥ አንድ ቧንቧ የሚጋሩ ተከራዮች ብዙ ጊዜ እንዲህ ናቸው፤ እያንዳንዳቸው ጥሩ ሰው፣ ጠባቸው ግን ጠዋት በአንድ ሰዓት ላይ።

ምሳሌው ብዙ ነው። አባት ልጁ ወደ አንድ ቁጥር እንዳይደውል ያሳግዳል። ልጁ ለጓደኛው ይደውላል፤ ጓደኛው ስልኩን ወደዚያው የታገደ ቁጥር አዛውሯል። ጥሪው አልፎ ይገባል፤ ማገጃው የተደወለውን ቁጥር እንጂ የደረሰበትን አላየም። ወይም ሁለት ሰዎች ስልካቸውን አንዱ ወደ ሌላው አዛውረው ጥሪው በመካከላቸው ሲሽከረከር ይኖራል፤ ስለዚህ የዝውውሩ ብዛት በቁጥር ተወሰነ። ቁጥሬ አይታይ ያለ ሰው ደዋዩን ከሚያሳይ አገልግሎት ጋር ይጋጫል። ሌላው ቀርቶ አደጋ ጥሪ ላይ ያለ ሰው በጥሪ ማቆያ ፖሊሱን ቆይ ብሎ ሌላ ማንሣት ይችላል ወይ ተብሎ ተጠይቋል፤ የተለመደው መልስ አይችልም ነው። አገልግሎቶቹ ወደ መቶዎች ሲያድጉ ጥንድ ጥንዱን እንኳ መፈተሽ አሥር ሺዎችን መፈተሽ ይሆናል። ጉዳዩ ራሱን የቻለ የምርምር መስክ ሆኖ ከ1992 ጀምሮ ዓለም አቀፍ ጉባኤ ይካሄድበታል። በእኔ ሚዛን ከተሰጡት መልሶች ልቆ የሚገኘው የፓሜላ ዜቭና የማይክል ጃክሰን (ዘፋኙ አይደለም) ነው። በ1998 ያቀረቡት ሐሳብ እያንዳንዱን አገልግሎት ለብቻው በሣጥን አድርጎ ጥሪውን በሣጥኖቹ በተራ ማሳለፍ ነው፤ ሣጥኑ ጎረቤቱን አያውቅም፣ ቅድሚያውን የሚወስነው የተሰለፉበት ቅደም ተከተል ነው። ጠቡን አያጠፋውም። ቢያንስ የሚታይበት ቦታ ያመጣዋል።

በማዞሪያው እምብርት ላይ የሚደረግ ጭማሪ ምን ሊያደርስ እንደሚችል በጃንዋሪ 15 ቀን 1990 ታየ። የአሜሪካው የስልክ ኩባንያ ኤ.ቲ. ኤንድ ቲ. ከዚያ በፊት በነበረው ዲሴምበር በ114 የረጅም ርቀት ማዞሪያዎቹ ላይ አዲስ ሶፍትዌር ጭኖ ነበር፤ ዓላማውም ችግር የገጠመው ማዞሪያ ቶሎ እንዲያገግም ነው። በዚያ ቀን ማንሃተን ያለው አንዱ ትንሽ ተበላሽቶ ጥቂት ሴኮንድ አረፈና ተነሣ። ተነሥቻለሁ ብሎ ጥሪ ሲልክ መልእክቶቹ በጣም ተቀራርበው ስለመጡ ጎረቤቶቹ መረጃቸው ተበላሽቶባቸው እነሱም አረፉ፤ ሲነሡ ደግሞ የእነሱን ጎረቤቶች ጣሉ። ዘጠኝ ሰዓት ያህል እንዲህ ሲጣጣሉ ቆዩ። ምክንያቱ በሲ ቋንቋ በተጻፈው ፕሮግራም ውስጥ ቦታዋን የሳተች አንዲት «ብሬክ» የምትል ትእዛዝ ነበረች። ሁሉም ማዞሪያ አንድ ዓይነት ጭማሪ ስለነበረው ሁሉም አንድ ዓይነት በሽታ ነበረው።

እንዲህ ዓይነቱ ፍርሃት ጭማሪውን ከማዞሪያው ለማውጣት አንዱ ምክንያት ነው፤ ሌላው ገንዘብ ነው። ተቀባዩ የሚከፍልበት የአሜሪካው 800 ቁጥር በ1967 ሲጀመር ከተወሰነ አካባቢና መስመር ጋር የታሰረ ነበር። በ1980ዎቹ መጀመሪያ ሮይ ዌበር በተባለ የኤ.ቲ. ኤንድ ቲ. መሐንዲስ ሐሳብ ማዞሪያው 800 ሲያይ ቆም ብሎ ራቅ ያለ የመረጃ ቋት እንዲጠይቅ ሆነ፦ «ይህ ቁጥር በእውነት የት ነው?» መልሱን ይዞ ያገናኛል። ሰዓቱን አይቶ ጠዋት ወደ ኒው ዮርክ ማታ ወደ ካሊፎርኒያ መምራት ካሁን በኋላ ማዞሪያውን መንካት አይጠይቅም። ከዚያ ወዲህ ሐሳቡ «ኢንተለጀንት ኔትወርክ» ተብሎ በኮሚቴ ተስፋፋ፤ ማንም ሰው አገልግሎቱን እንደ ሸክላ ጡብ የሚገጣጥምበት ዘመን ይመጣል ተባለ። ያ ዘመን አልመጣም። ደረጃው ሰፊ፣ ግዢው ውድ፣ ፈተናው ረጅም ሆነ፤ ከተመኙት አገልግሎቶች አብዛኞቹ ወረቀት ላይ ቀሩ።

አንዱ ግን ተሳክቶ ዓለምን ሞላው፤ ቅድመ ክፍያ። በ1995 የፖርቱጋሉ ቲ.ኤም.ኤን. «ሚሞ» ብሎ ካቀረበው በኋላ አሠራሩ በየአገሩ ተዛመተ። ስልኩ ከመጥራቱ በፊት ማዞሪያው ቆም ይላል፣ ሒሳብ የያዘውን ኮምፒውተር ይጠይቃል፣ ይህን ያህል ሴኮንድ ይፈቀድለት የሚል መልስ ይዞ ያገናኛል፤ ሲያልቅ ይቆርጣል። ካርድ ፍቀን *805* ብለን ስንሞላ፣ *804# ብለን ቀሪ ስናይ፣ *807* ብለን ደውልልኝ ስንል የምናናግረው ይህንኑ ከጎን የቆመ ኮምፒውተር ነው። የባንክ ደብተርም ሆነ ቋሚ አድራሻ የማይጠይቅ በመሆኑ ስልክን ከቢሮና ከባለጸጋ ቤት አውጥቶ ገበያ ያገባው እሱ ነው። በየትኛውም የልዩ አገልግሎት ዝርዝር ውስጥ ግን ስሙን አታገኙትም፤ ልዩነቱ ስለተረሳ።

ኮከብና መሰላል የሚጠቀመው ይህ መንገድ፣ ዩ.ኤስ.ኤስ.ዲ. የሚባለው፣ ጠባብ ነው። አንድ ስክሪን 182 የላቲን ፊደል ይይዛል፤ በግእዝ ፊደል ሲሆን 80 ብቻ። አጭር የጽሑፍ መልእክትም በላቲን 160፣ በእኛ ፊደል 70 ነው፤ ብዙ ሰው አማርኛውን በላቲን መጻፍ የለመደበት አንዱ ምክንያት ይኸው ነው። (ፊደላችን በአንድ ቁምፊ አናባቢና ተነባቢውን ስለሚይዝ ጉዳቱ ቁጥሩ የሚለውን ያህል አይደለም።) ያም ሆኖ በግንቦት 2013 ዓ.ም. ቴሌብር ሲጀመር *127# መኖሩ ስማርት ስልክ የሌለውንም ሰው አስገብቶታል። ከማንም ፈቃድ ሳይጠይቅ ሕዝቡ ራሱ የጨመረው አገልግሎት ደግሞ ሚስኮል ነው፤ አንድ ጊዜ ጠርቶ መዝጋት፦ ደርሻለሁ፣ ደውልልኝ፣ ናፍቀኸኛል። ማዞሪያው ሙሉውን ሥራ ሠርቶ ሳንቲም አያገኝበትም። የጨመረ መቀነስም ይችላል፤ ከ1997 ዓ.ም. ምርጫ በኋላ የጽሑፍ መልእክት በአገራችን ተዘግቶ እስከ 2000 ዓ.ም. መባቻ ድረስ አልተመለሰም ነበር።

የድርጅቶችን የግል ማዞሪያዎች በጥቂቱ ልንካ። በ1999 ማርክ ስፔንሰር የተባለ የአላባማ ወጣት ለትንሿ ድርጅቱ ማዞሪያ የሚገዛበት ገንዘብ አጥቶ ራሱ ጻፈ፤ «አስተሪስክ» ብሎ በነፃ ለቀቀው። ዛሬ ሆቴሉም ክሊኒኩም በተራ ኮምፒውተር ላይ በጥቂት መስመር የሚፈልገውን ይጽፋል፦ መጀመሪያ ጠረጴዛው ላይ ያለውን ኤክስቴንሽን ሃያ ሴኮንድ ጥራ፤ ካልተነሣ ወደ ኃላፊው ሞባይል፤ እሱም ካልተነሣ መልእክት ተቀበል። ያማረ ነው። ነገር ግን የኃላፊው ሞባይል የራሱ የድምፅ መልእክት መቀበያ አለው፤ ጥሪውን እሱ ያነሣዋል፤ ለማዞሪያው ደግሞ ተነሣ ማለት ተነሣ ነው። ሦስተኛው መስመር አይደረስበትም፤ የደንበኛው መልእክት ማንም በማይከፍተው ሣጥን ይቀመጣል። ከውጭ ደውሎ በድርጅቱ መስመር ወደ ውጭ መደወል የሚያስችለው አገልግሎት ደግሞ የሌባ ሲሳይ ነው፤ የይለፍ ቁጥሩ ቀላል ከሆነ ሌሊቱን ሲደወልበት አድሮ ሒሳቡ ወሩ መጨረሻ ላይ ይታወቃል።

ከሁሉ የከፋው ግን በአቴንስ የሆነው ነው። የግሪክ ቮዳፎን ማዞሪያዎች የኤሪክሰን ኤ.ኤክስ.ኢ. ነበሩ። በ2003 በተደረገ ማሻሻያ በፍርድ ቤት ትእዛዝ ስልክ ለመጥለፍ የሚያገለግለው ክፍል ከሶፍትዌሩ ጋር አብሮ ገባ። ኩባንያው ግን ያንን የሚቆጣጠረውንና እያንዳንዱን ጠለፋ የሚመዘግበውን ፕሮግራም አልገዛም ነበር፤ ሞተሩ ገብቷል፣ መሪው የለም። ኤ.ኤክስ.ኢ. ለዓመታት ሳይቆም እንዲሠራ የተነደፈ ስለሆነ ፕሮግራሙ እየሠራ ሳለ ይታረማል፤ አንድ ትእዛዝ ተነሥቶ በምትኩ «ወደዚህ ዝለል» የሚል ይገባና እርማቱ ለብቻው ቦታ ይቀመጣል። በ2004 የበጋ ኦሎምፒክ አካባቢ ማንነታቸው ያልታወቀ ሰዎች ይህንኑ በር ተጠቅመው 29 የሶፍትዌር ክፍሎችን ነካኩ። ጭማሪያቸው የተኛውን መጥለፊያ ቀሰቀሰ፤ ከመቶ በላይ የሆኑ ስልኮች ጥሪ ሲደርሳቸው ድምፁ ተቀድቶ ወደ 14 የቅድመ ክፍያ ስልኮች ይሄድ ነበር። ከተጠለፉት መካከል ጠቅላይ ሚኒስትሩ ኮስታስ ካራማንሊስ ይገኙበታል። ቴክኒሺያኑ የእርማቱን ዝርዝር ሲጠይቅ የእነሱ እንዳይታይ ዝርዝር አውጪውንም ቀይረውታል።

የተያዙት እነሱም ያው በሽታ ስለያዛቸው ነው። በጃንዋሪ 2005 የራሳቸውን ጭማሪ ሊያሻሽሉ ሲሞክሩ ከሌላ አገልግሎት ጋር ተጋጨ፤ ከሌላ ኦፕሬተር የሚመጡ የጽሑፍ መልእክቶች መድረስ አቃታቸው፤ ደንበኞች አቤት አሉ፤ ኤሪክሰን ሲመረምር የማያውቀው ፕሮግራም አገኘ። ቮዳፎን ወዲያው እንዲነሣ በማዘዙ የጠላፊዎቹ ዱካ ጠፋ፤ በ2006 መጨረሻም የግሪክ ተቆጣጣሪ 76 ሚሊዮን ዩሮ ቀጣው። ብዙ ጸሐፊዎች ጉዳዩን የስለላ ታሪክ አድርገው ነው የሚያነሡት። ለእኔ የሚከነክነኝ ማንም ያልገዛው፣ ማንም ያልተጠቀመበት፣ የሚመዘገብበት የሌለው አገልግሎት ማዞሪያው ሆድ ውስጥ ተኝቶ መቀመጡ ነው።

ዛሬ ብዙው ጭማሪ ወደ ቀፎው ሄዷል። ቤይሩት ወይም ሪያድ ያለች እህት ከደሴ ካሉት እናቷ ጋር በኢሞ በምስል ስታወራ ማዞሪያው ከመረጃ ማስተላለፍ በቀር የሚያውቀው የለም፤ የቡድን ጥሪው፣ ማቆያው፣ ማገጃው ሁሉ በመተግበሪያው ነው። የድሮዎቹ ኮዶች ግን አልሞቱም። *21* ብሎ ቁጥር አስገብቶ # ሲጫን ጥሪ ሁሉ ይዛወራል፤ *#21# ሲሉ ተዛውሮ እንደሆነ ይነግራል፤ ##002# ሁሉንም ዝውውር ያነሣል። በ4ጂ ድምፅ ላይ እንኳ አዲሱ ኔትወርክ ቋንቋው ሌላ ሆኖ ሳለ ቀፎው ኮዶቹን እየተረጎመ ያስተላልፋቸዋል።

አጭበርባሪውም ይህን ያውቃል። ከድርጅቱ ነኝ፣ ስልክዎ ሊዘጋ ነው፣ ይህን ኮድ ይጫኑ ብሎ ይደውላል። የተጫነው ኮድ ጥሪውን ወደ አጭበርባሪው ያዛውራል፤ ከባንክ በድምፅ የሚመጣው የማረጋገጫ ቁጥር እሱ ዘንድ ይደርሳል፤ ባለቤቱ ስልኩ ጸጥ ማለቱን እንጂ ሌላ አያይም። የህንድ መንግሥት በማርች 2024 የስልክ ኩባንያዎች በ*401# የሚደረገውን ጥሪ ማዛወር ከኤፕሪል 15 ቀን ጀምሮ እንዲያቆሙ አዘዘ። አገልግሎቱን የሚፈልግ ደንበኛ በሌላ መንገድ አመልክቶ እንደገና እንዲከፈትለት ተደረገ።